ከበስተ ኋላ ስለሚቆመው ሰው

ፎቶግራፍ የማይዋሽ ምስክር ነው ሲባል እንሰማለን። ይሁን እንጂ ምስክርነቱ ለተነሣው ሰው ብቻ ሳይሆን ለአንሺው ሐሳብም ጭምር ነው፤ ማንን ከፊት አቁሞ ማንን ከኋላ እንደ ተወ፥ ማንን አቅርቦ ማንን እንዳራቀ ይገልጣልና። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ከዘፈን ጋር ተጋብቶ ክሊፕ የሚባለው ከተወለደ ወዲህ ይህ ነገር የመዝናኛ ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የግብረ ገብ ጥያቄ ሆኗል። ጥያቄውም፦ አንድን ሰው በሥዕል ውስጥ ለሌላው ሰው ጌጥ አድርጎ ማቆም ተገቢ ነውን? የሚል ነው።

ለምርመራችን የራፕን ክሊፕ መርጠናል። ራፕ ቃልን በምት ላይ እየደረደሩ መናገር ነው። የተገኘበት የሂፕ ሆፕ ጥበብ ልደቱ የሚቈጠረው በኒው ዮርክ ከተማ በብሮንክስ ሠፈር፥ ነሐሴ 5 ቀን 1965 ዓ.ም. ዲጄ ኩል ኸርክ ሸክላ ካጫወተበት ግብዣ ጀምሮ ነው። አገሩ ሩቅ ይሁን እንጂ ጠባዩ ለጎጃም ሰው እንግዳ አይደለም፤ ፉከራና ቀረርቶ የሚያውቅ ጆሮ ቃል በምት ላይ ሲጋልብ ቢሰማ አይደነግጥምና። በአገራችንም ቴዲ ዮ «ጉራጌቶን» ሲል በጠራው ስልት የጉራጌን ምት ከራፕ ጋር ማዋሐዱ የታወቀ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 2010 ዓ.ም. ቻይልዲሽ ጋምቢኖ በሚል ስም የሚዘፍነው አሜሪካዊው ዶናልድ ግሎቨር «ዲስ ኢዝ አሜሪካ»፥ ማለት «አሜሪካ ይህች ናት» የተባለውን ክሊፕ አወጣ። ዳይሬክተሩ ሂሮ ሙራይ ነው። ነገሩ የሚፈጸመው በአንድ ሰፊ መጋዘን ውስጥ ነው። በመጀመሪያ አንድ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጊታር ይመታል፤ ጥቂት ቆይቶ ያው ሰው ፊቱ በጨርቅ ተሸፍኖ ይታያል፤ እየጨፈረ የመጣው ዘፋኝም በሽጉጥ ይገድለዋል። ሽጉጡን አንድ ወጣት በቀይ ጨርቅ በክብር ይቀበላል፤ ሬሳው ግን መሬት ለመሬት ይጎተታል። ኋላም የሚዘምሩ መዘምራን በጥይት ይረግፋሉ፤ ይህንንም ብዙ ተመልካቾች ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. በቻርልስተን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከተገደሉት 9 ምእመናን ጋር አያይዘውታል። ዘፋኙ የደንብ ልብስ ከለበሱ ተማሪዎች ጋር ሲጨፍር ካሜራው በረጅሙ እየተከተለ ዐይኑን ከእርሱ አይነቅልም። ከኋላው ግን ሕዝብ ይሯሯጣል፤ ሁከት ይነሣል፤ አንድ ሰውም በነጭ ፈረስ ያልፋል።

የዋሸራና የጎንጅ የቅኔ ሊቃውንት የወጡበት ጎጃም ለዚህ ዐይነቱ ጥበብ ስም አለው፤ ሰምና ወርቅ ይለዋል። ጭፈራው ሰም ነው፤ የኋላው ሁከት ወርቅ ነው። ተመልካቹ በሰሙ ተማርኮ ወርቁን ካለፈው በኋላ ክሊፑን ደግሞ ሲያይ ስለ ራሱ አንድ ነገር ይማራል፤ ይኸውም ሰው እየሞተ ሳለ ዐይኑ ጭፈራውን መምረጡን ነው። ስለዚህ በዚህ ክሊፕ ከኋላ የቆመው ሰው ጌጥ አይደለም፤ ክሱ የሚቀርበው በእርሱ በኩል ነውና።

አሁን ፊታችንን ወደ አገራችን እንመልስ። ሉማሜ የአዋበል ወረዳ ከተማ ስትሆን ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ትገኛለች፤ ዙሪያዋ የጤፍ አገር ነው። እንዲህ ያለ አገር የክሊፕ ሠሪን ዐይን ይማርካል። ዘወትር የምናየውም ሥዕል ተመሳሳይ ነው። ጥቁር መነጽር ያደረገ ዘፋኝ ከፊት ይቆማል፤ ከኋላው ገበሬ በሬ ጠምዶ ያርሳል፤ አረንጓዴ ቁምጣ የታጠቁ ጎረምሶች እስክስታ ይመታሉ፤ እንስራ ያዘለች ልጃገረድ ፈገግ ብላ ታልፋለች። ካሜራው ከሰማይ ሆኖ ማሳውን ሁሉ ይቃኛል፤ በገበሬው ፊት ላይ ግን አንድ አፍታ አይቆይም። ሰሙ እጅግ አምሯል፤ ወርቁ ወዴት አለ? ያ ገበሬ ማዳበሪያውን በስንት ገዛ? ያች ልጅ ትምህርት ቤት ገብታለችን? ውሃው ከቤቷ ምን ያኽል ይርቃል?

አንዳንድ ሰው፦ ገበሬው ወዶ ቆመ፥ አገሩም ታወቀለት፥ ምን ተጎዳ? ይል ይሆናል። ይህ አነጋገር የሚናቅ አይደለም። በጭፈራ ውስጥ እውነተኛ ደስታ አለ፤ የገጠር ሰው በታየ ቊጥር ችግሩን ማልቀስ አለበት ማለትም ሌላ ግፍ ነው። ድኽነቱን ብቻ ማሳየት ሰውየውን የሐዘን ጌጥ ማድረግ ነውና። ስለዚህ አንድ መመዘኛ እናቀርባለን፤ ሰውየውን ከሥዕሉ አውጥተን በቦታው በቀለም የተሣለ መጋረጃ ብንሰቅል ክሊፑ የሚጎድልበት ነገር አለን? ከሌለ፥ ሰውየው ከመጋረጃ ሳይበልጥ ቀርቷል ማለት ነው።

ፈላስፋው አማኑኤል ካንት በ1785 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ሰው ለሌላው መሣሪያ ብቻ ሊሆን እንደማይገባው አስተምሯል። በዚህ ትምህርት ውስጥ «ብቻ» የምትለውን ቃል እናስተውል። ሰው ለሰው መጥቀሙ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ከጥቅሙ በቀር ሌላ ነገር ሳይታይለት ሲቀር ነው። የጋምቢኖም ሥራ ቢሆን ከዚህ ጥያቄ ፈጽሞ አያመልጥም፤ የሟቾችን መከራ በጥቂት ሰከንድ አሳይቶ ማለፍ ይገባልን? ብሎ የሚጠይቅ ቢኖር መብቱ ነው።

መድኀኒቱ ግን ሩቅ አይደለም። አዝማሪ በሚጫወትበት ቤት አድማጩ ዝም ብሎ ተቀማጭ አይደለም፤ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጣል፥ አዝማሪውም ቃሉን በመሰንቆ እያጀበ ይመልስለታል። በዚያ ቤት ከኋላ ጥግ የተቀመጠውም ሰው ተራ አለው። ክሊፕ ሠሪዎች ይህን ሥርዐት ቢይዙ መልካም ነው፤ የገበሬውን ፈቃድ ይጠይቁ፥ የድካሙን ይክፈሉ፥ ስሙን ከሠሪዎቹ ስም ጋር ይጻፉ፥ ከሁሉም በላይ ለእርሱም የመናገሪያ ተራ ይስጡት።

መምህራንም ተማሪዎቻቸው ክሊፕ ሲያዩ ዐይናቸውን ከዘፋኙ ለጥቂት ጊዜ አንሥተው ከኋላው ያለውን ሰው እንዲመለከቱ፥ ማን እንደሆነና ለምን በዚያ እንደቆመ እንዲጠይቁ ያስተምሯቸው። ሰምን ከወርቅ መለየት ሲማር ለኖረ ሕዝብ ይህ ትምህርት አዲስ አይሆንበትም።