ፀሐይ ለማን ትወጣለች?

በቆቦ ሜዳ በረዶ አይጋገርም፤ ውርጩ ከላይ ከደጋው ነው። ሆኖም በኅዳር ፀሐይ ከዞብል ተራሮች ጀርባ ብቅ ስትልና የማሽላው ዘለላ ሲቀላ ያየ ሰው፣ መንገዱን ትቶ ለጥቂት ጊዜ ይቆማል። ውድ አንባብያን፣ ይህ ውበት ንጹሕ ነውን?

በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ከዚሁ ሜዳ በላይ ባለችው በኮረም፣ ያችው ፀሐይ ሌሊቱን በረሃብና በብርድ ያረፉትን ገልጣ አሳየች። ማይክል በርክና መሐመድ አሚን ለቢቢሲ ያዘጋጁት ዘገባ የሚጀምረው በዚያ ንጋት ነው፤ ብዙው ዓለም የነቃውም ያን ጊዜ ነበር። ከስድስት ሳምንት ገደማ በፊት አዲስ አበባ የአብዮቱን ዐሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ስታከብር፣ ፀሐይዋ ለድግሱም ለረሃቡም እኩል ወጥታ ነበር።

ከዚህ ተነሥተው ተፈጥሮን ግዴለሽ የሚሏት አሉ። ፍርዱ ያለ ቦታው የወደቀ ይመስለኛል። የፀሐይ ሥራ ማሳየት ነው፤ አይቶ መነሣት የሰው ድርሻ ነው፤ በዚያ ዓመት የዘገየውም ሰው ነው። ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ፀሐይን ያነሣው ጠላትን ስለ መውደድ ሲያስተምር መሆኑን ካቴኪስቶች ልብ ይሏል፤ ስለ መልክዓ ምድር ውበት አልነበረም።

በንጋት መደሰት ግን በደል አይደለም። በኮረም ሜዳ ያደሩትም ሙቀቷን ሲናፍቁ ነው ያነጉት።