ውክልናውን የሰጠው ማን ነው?

በቀድሞው የኢትዮጵያ ችሎት ስለ ሌላው የሚሟገት ሰው ነገረ ፈጅ ይባል ነበር። የነገረ ፈጁ አንደበት የቱንም ያህል የተባ ቢሆን ባለጉዳዩ ያልወከለው እንደ ሆነ ሙግቱ ዋጋ የለውም። ባለጉዳዩ ካልወደደው ውክልናውን ያነሣል፤ ነገረ ፈጁም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ዝም ይላል። ዛሬ ስለ ሕመምተኞች ክብርና መብት በዓለም አደባባይ የሚናገሩ ተቋማት በርካታ ናቸው፤ የውክልናውን ጥያቄ አንሥቶ የሚሞግታቸው ግን እምብዛም አይገኝም።

የዓለም ጤና ድርጅት በጤና ሥነ ምግባር ረገድ የሚያግዙትን የዩኒቨርሲቲ ተቋማት «ተባባሪ ማዕከላት» ብሎ ይሰይማል። ማዕከላቱም ተሳስረው አንድ ዓለም አቀፍ መረብ መሥርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ስለ ዓለም አቀፍ የጤና ሥነ ምግባር ዐበይት ጉዳዮች የሚያትት የማስተማሪያ መጽሐፍ በመረቡ ስም ወጥቷል። ስያሜው ለአራት ዓመት ሲሆን ሊታደስ ይችላል። ማዕከሉ የሥራ ዕቅዱን ከድርጅቱ ጋር ይስማማበታል፤ ነገር ግን ስያሜው ገንዘብ ይዞ አይመጣም። ወጪውን የሚችለው ማዕከሉ ራሱ ነው። ክፋት ያሰበ ማንም ሳይኖር አድልዎ የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው። ለመምህራኑ ደመወዝ የሚቸገር ዩኒቨርሲቲ ለስብሰባ ሰው ወደ ሩቅ አገር መላክ ይከብደዋልና ሀብታሙ ማንንም ሳይከለክል ወንበሩ ላይ ይገኛል።

በዓለም ሐኪሞች ማኅበር ዘንድ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1964 የሄልሲንኪን መግለጫ ያወጣው ይህ ማኅበር የየአገሩ የሐኪሞች ማኅበራት ጉባኤ ሲሆን፣ የአንድ አገር ማኅበር ድምፅ መዋጮ በከፈለላቸው አባላት ቍጥር ልክ ይበዛል። በሰው ላይ ለሚደረግ ምርምር ሁሉ መመዘኛ የሆነው ሰነድ የሚሻሻለው በዚህ ሥርዓት ነው።

ይህ የአዳራሽ ጉዳይ ብቻ ሆኖ እንዳልቀረ የዩጋንዳ ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1994 ኤዜድቲ የተባለው መድኃኒት ኤችአይቪ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ በሁለት ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ ታወቀ። ሕክምናው ግን ረጅምና ለድሃ አገር የማይቀመስ ነበር። ስለዚህ አጭርና ርካሽ የሆነ አሰጣጥ ይሠራ እንደ ሆነ ለማወቅ በአፍሪካና በእስያ ጥናቶች ተጀመሩ፤ በብዙዎቹም ከፊሎቹ እናቶች ፕላሴቦ የሚባለውን ባዶ ክኒን ተቀበሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካውያን ተቺዎች፣ በአገራችን ቢደረግ ነውር የሚሆነው በአፍሪካ ስለ ምን ይፈቀዳል ብለው ተነሡ። ከዩጋንዳ የካንሰር ኢንስቲትዩት ዶክተር ኤድዋርድ ምቢዴ በዚያው ዓመት ለአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት በጻፉት ደብዳቤ፣ ጥናቱ ዩጋንዳውያን ለሕዝባቸው ጥቅም የሚያካሂዱት መሆኑን አስረዱ፤ የውጭ ሰዎች በእነርሱ ላይ የሥነ ምግባር ዳኛ ሆነው መቀመጣቸውንም ተቃወሙ። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ ከታይላንድ የወጣው ውጤት አጭሩ አሰጣጥ መተላለፉን በግማሽ እንደሚቀንስ ባረጋገጠ ጊዜ የባዶው ክኒን አስፈላጊነት አከተመ፤ ክርክሩ ግን አላከተመም።

ሁለቱ ወገኖች የተናገሩት ስለ አንዲት ሴት ነበር፤ ባዶውን ክኒን ስለ ዋጠችው እናት። ተቺው ተበድላለች አለ፤ ሐኪሙ ተጠቅማለች አለ። ከሁለቱ አንዱንም የወከለች አይመስልም። የዩጋንዳው ሐኪም ለበሽታው ቅርብ መሆናቸው ከሩቁ ተቺ ይልቅ የመደመጥ መብት ይሰጣቸዋል፤ ይህ እውነት ነው። ሆኖም የአንድ አገር ልጅነት ራሱን የቻለ ውክልና አይደለም። ስብሰባው ከጄኔቫ ወደ ካምፓላ ቢዛወር፣ የአዳራሹ ሰዎች የቆዳ ቀለም ቢለወጥም፣ ሴትዮዋ አሁንም ከደጅ ናት።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሣል። ሕፃን፣ ራሱን የሳተ በሽተኛ፣ ገና ያልታመመ ሰው ነገረ ፈጅ ሊሾም አይችልም፤ ታዲያ ዝም ይባል? አይባልም። ግፍን ግፍ ለማለት የማንም ፈቃድ አያሻም፤ ባሪያው ሳይወክለው ስለ ባርነት ክፋት የጮኸ ሰው ቃሉ ሐሰት አልሆነም። ነገር ግን መመስከር ሌላ፣ ደንብ ማውጣት ሌላ ነው። ምስክር እውነት ከተናገረ ይበቃዋል። ደንብ የሚያወጣ ሰው ግን ደንቡ ለሚገዛው ሰው የሚጠየቅ መሆን አለበት። የሥነ ምግባር ማዕከላት ችግር እንደ ምስክር ተሰብስበው እንደ ሕግ አውጪ መነሣታቸው ነው፤ የሚጽፉት ምክር ብዙም ሳይቈይ ለገንዘብ ሰጪው ቅድመ ሁኔታ፣ ለገምጋሚው ኮሚቴ መመዘኛ ይሆናልና።

የሚያስገርመው የሄልሲንኪ መግለጫ ራሱ መፍትሔውን በከፊል መያዙ ነው። በምርምር የተሳተፈ ሰው በፈለገ ጊዜ ጥሎ መውጣት ይችላል፤ ለብቻው ሲሆን ውክልናውን ያነሣል ማለት ነው። በማኅበር ሲሆን ግን ይህ መብት የለውም። ማጄንጎ በሚባለው የናይሮቢ ሰፈር በሴተኛ አዳሪነት ይተዳደሩ የነበሩ ሴቶች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደማቸውን ለተመራማሪዎች ሰጥተዋል፤ ከእነርሱም አንዳንዶቹ ለቫይረሱ እየተጋለጡ አለመያዛቸው ለክትባት ምርምር መነሻ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ በፓተንቱ ላይ ጠብ ሲነሣ የተሟገቱት የኬንያና የብሪታንያ ሳይንቲስቶች ነበሩ። እያንዳንዷ ሴት ክንዷን መከልከል ትችል ነበር፤ ሴቶቹ በአንድነት ግን የሚከለክሉበት ወንበር አልነበራቸውም።

በደቡብ አፍሪካ የሚኖሩት ሳኖች እ.ኤ.አ. በ2017 የራሳቸውን የምርምር ሥነ ምግባር ደንብ አወጡ። ደንቡ የተዘጋጀው በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ በሚካሄድ ፕሮጀክት ውስጥ ነው፤ የናይሮቢ ሴተኛ አዳሪዎችም በዚያው ፕሮጀክት ምክራቸውን ሰጥተዋል። ገንዘቡ ከሩቅ መምጣቱ አልቀረም። ይሁንና በሳኖች መካከል ጥናት ሊያካሂድ የሚሻ ተመራማሪ አሁን ዕቅዱን አስቀድሞ ለማኅበረሰቡ ተጠሪዎች እንዲያቀርብ ይጠየቃል፤ እነርሱም እምቢ ሊሉት ይችላሉ።