ቍስልን አይቶ ፊትን ስለ ማዞር

የቍስል ሥዕል በፊታችን በተዘረጋ ጊዜ አንዱ ፊቱን ያዞራል፤ ሌላው ዓይኑን ሳይነቅል ይመለከታል። ፊቱን ያዞረውን ርኅሩኅ፥ ትክ ብሎ ያየውን ልበ ደንዳና ማለት ለብዙ ሰው ይቀናዋል። ይህን ፍርድ እጠራጠረው ዘንድ ያደረገኝ በቆቦ ከተማ ያየሁት ነገር ነው።

የራያን ቈላ ያየ ሰው የማሽላውን ማሳ፥ አቧራውንና ዝንቡን አይረሳም። የአማራ ክልል ትራኮማ፥ ባላገሩ የዓይን ማዝ የሚለው ደዌ፥ በዓለም ላይ እጅግ ከጸናባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። ሕመሙ እየተመላለሰ ሲከፋ የዓይን ቆብ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀ በመጨረሻ ያሳውራል። ወረንጦ በአንገቱ አንጠልጥሎ ሽፋሽፍቱን የሚነቅል ሰው በየገጠሩ የሚገኘው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ ግን ቆቡን በስለት ከፍቶ፥ አቅጣጫውን አስተካክሎ መስፋት ነው፤ ይህንንም በአገራችን የዓይን ሐኪሞች ብቻ ሳይሆኑ ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ነርሶች ይሠሩታል።

ከእነዚሁ ነርሶች አንዲቱ አሠራሩን የሚያሳይ ሥዕል ለተሰበሰበው ሰው ዘረጋች። ቆቡ ተገልብጦ፥ መርፌው ሥጋ ውስጥ ገብቶ ይታያል። አጠገቤ የነበረው መምህር ወዲያው መሬት መሬቱን ማየት ጀመረ። ሳይደነግጥ ያየዋል ብዬ የጠበቅሁት ባለ ሉካንዳውን ነበር፤ በየማለዳው ሰንጋ የሚጥል ሰው ነውና። እርሱ ግን በጋቢው ጫፍ አፉን ሸፍኖ ተነሥቶ ወጣ። ለካስ ሙያው ያስለመደው በድን ሥጋን ነው፤ ሕያው ዓይን በስለት ሥር ሆኖ ማየት ለእርሱም እንግዳ ነገር ኖሯል። ወረንጦ በአንገታቸው ያንጠለጠሉ አንዲት አሮጊት ግን እስከ ሥዕሉ ድረስ ቀርበው ብዙ ካዩ በኋላ፥ «ልጄ፥ ከተሰፋ በኋላ በስንተኛው ቀን ወደ ማሳ ይወጣል?» ብለው ጠየቁ። እኔስ? የወረቀት ሰው ነኝና፥ ሥዕሉ በስንት ቅጂ እንደ ታተመና ወጪው ከየትኛው በጀት እንደ ተከፈለ አሰላስል ነበር። በኋላ ትዝ ሲለኝ አፈርሁ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ አንድ ጥናት ይህን ነገር በሌላ መንገድ ይገልጠዋል። በመርፌ እየወጉ የሚያክሙ የታይዋን ሐኪሞችና ይህ ሙያ የሌላቸው ሰዎች፥ መርፌ በሰው ገላ ውስጥ ሲገባ እያዩ አንጎላቸው በመሣሪያ ተመረመረ። ሙያው በሌላቸው ዘንድ የሕመም ስሜት የሚነሣበት የአንጎል ክፍል ሲነቃ፥ በሐኪሞቹ ዘንድ የነቃው ስሜትን የሚገታው ክፍል ነበረ። እንግዲህ የሐኪም ጸጥታ ባዶነት አይደለም፤ ድካም ያለበት ሥራ ነው ማለት ነው። ልጓሙም እጁ የሚሠራውን ከማወቁ የመጣ ይመስለኛል። አሮጊቷንም ያረጋጋቸው ጭንቃቸውና ተስፋቸው ነው። የእኔ ጸጥታ ግን ከሁለቱም አልመጣም።

ይህን በቀላሉ ማለፍ አልችልም። በ1965 ዓ.ም. ረሃብ በወሎ ሲጸና፥ በዚያን ዘመን ራያና ቆቦ አውራጃ ይባል የነበረው ይኸው አገር ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። የሰብሉ መጥፋት አስቀድሞ በሪፖርት ወደ መሥሪያ ቤቶች ደርሶ ነበር፤ ሪፖርት ግን የጽሕፈት ቤት ሰው በየዕለቱ የሚያየው ነገር ነውና ማንንም ከወንበሩ አላስነሣም። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በወሎ ያነሣው ፊልም በጥቅምት 1966 ዓ.ም. በአገሩ ቴሌቪዥን ሲታይ፥ አጥንታቸው የወጣ ሕፃናትን ያየው ሕዝብ የሚያውለው ገንዘብ አወጣ። ይኸው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ሥዕል ጋር እየተቀላቀለ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ታየ፤ በማግስቱም ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ያሳዩትም ሰዎች የራሳቸው ሙያ ነበራቸው፤ የረሃብተኛውን ገላ ለምን እንደሚፈልጉት ያውቁ ነበር። ወረቀቱን ሲያገላብጥ የኖረው ጸሐፊ በዚያች ማታ ፊቱን አዙሮ ከሆነ፥ ያን ርኅራኄ ልለው እቸገራለሁ።

ስብሰባው ሲበተን ነርሷን እንዴት እንደ ለመደችው ጠየቅኋት። በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ዓይኗ ጨልሞባት በሰው ተደግፋ እንደ ወጣች፥ እጇ ሥራውን ሲያውቅ ግን ልቧም እያደር እንደ ረጋ ነገረችኝ። የብዙ ሰው ዓይን ሰፍታለች። የእናቷ ተራ በደረሰ ጊዜ ግን ጓንቲዋን ካጠለቀች በኋላ መልሳ አወለቀችው፤ መቀሱንም ለባልደረባዋ ሰጥታ፥ ውጭ በር ላይ ቆማ ጠበቀች።