ኀዘን የማን ርስት ነው?

የሰው ልብ ደስታና ኀዘን በአንድነት የሚኖሩበት ቤት ነው። ይሁን እንጂ በደስታ ዜማ ስሙ የታወቀ ዘፋኝ ስለ ሞትና ስለ መቃብር ቢያዜም፥ «ይህ ከልቡ ነውን ወይስ ኀዘንን ለገበያ ማቅረቡ ነው?» ብለው የሚነቅፉ አሉ።

ነገሩን በአንድ ሸክላ እንመርምረው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1966 ዓ.ም. ቢትልስ የተባሉት አራት እንግሊዛውያን በሸክላው አንድ ገጽ ስለ ቢጫ ሰርጓጅ መርከብ ሕፃናትን የሚያስደስት ዘፈን፥ በሌላው ገጽ «ኤሊነር ሪግቢ» የተባለውን አወጡ። በዚህኛው አንዲት ብቸኛ ሴት በቤተ ክርስቲያን ትሞታለች፤ ስትቀበርም ከቄሱ በቀር ሸኚ የላትም። ጊታርም ከበሮም አይሰማበትም፤ አራት ቫዮሊን፥ ሁለት ቪዮላና ሁለት ቼሎ ብቻ ያጅቡታል። ጥቁር ልብስንና የመቃብርን ምስል ምልክቱ ያደረገው፥ ጎት የተባለው የሙዚቃ ስልት በዚያው አገር የተነሣው ግን ዘግይቶ በ1970ዎቹ ማለቂያ ነው።

እንግዲህ ኀዘን የአንድ ወገን ርስት አይደለም። እርግጥ ነው፥ ሸክላው ተሽጧል፤ ዘፋኞቹም ገንዘብ አግኝተውበታል። ነገር ግን የእውነተኛነት መለኪያው የዘፋኙ ልብስ ወይም የቀድሞ ዝናው ሳይሆን፥ ዘፈኑ የአድማጩን ዓይን ወዴት ይመልሳል የሚለው ነው። ዘፋኙ በራሱ ኀዘን ሊደነቅ የሚሻ ከሆነ ነቀፌታው ይገባዋል፤ ማንም ያላያትን ሴት እንድናያት ካደረገን ግን መልካም አድርጓል። ለጨዋታ የተሰበሰበ ሕዝብ ያልተጠራበትን ቀብር የሚደርሰው፥ የሚወደው ዘፋኝ እጁን ይዞ ሲወስደው ነው። ኀዘንን ለለመዱ ብቻ የሚነገር ኀዘን ግን ብቸኛውን በብቸኝነቱ ይተወዋል።