ሹመት ቢያልፍም አገልግሎት አይለፍ



በምርጫ ከኮሚቴው ስወርድ ሦስት እሑድ ከጉባኤ ቀረሁ። ለጠየቀኝ ሁሉ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» አልሁ። እውነቱ ግን ኩርፊያ ነበር። በዚያው ሰሞን የአንድ ሩቅ አገር አገረ ገዥ ታሪክ አንብቤ አፈርሁ።

ፒተር ታሊ ኮልማን እ.ኤ.አ. በ1919 በፓጎ ፓጎ ተወለዱ። አገራቸው አሜሪካ ሳሞአ በደቡብ ፓሲፊክ ውቅያኖስ የምትገኝ፣ በአሜሪካ ሥር የምትተዳደር የደሴቶች ግዛት ናት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በውትድርና አገልግለው፣ በኋላም በዋሽንግተን ሕግ ተምረው ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1956 አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ፤ ለዚህ ማዕረግ ከተሾሙት የሳሞአ ተወላጆች የመጀመሪያው ናቸው። ግዛቲቱ የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥቷን በ1960 ያገኘችው በእርሳቸው ዘመን ነው።

በ1961 ግን ከመንበሩ ወረዱ፤ ሌላ ሰው ተተካ። ትናንት ገዥ የነበሩት ሰው በማርሻል ደሴቶች፣ ቀጥሎም በማሪያና ደሴቶች ከገዥነት ባነሰ ማዕረግ አስተዳዳሪ ሆነው ሠሩ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1977፣ ሕዝቡ ለመጀመሪያ ጊዜ ገዥውን በድምፁ ሲመርጥ የመረጠው እርሳቸውን ነበር። እስከ 1985፣ ዳግመኛም ከ1989 እስከ 1993 ገዙ። በ1997 ዐረፉ።

የሰውን ልብ የሚመረምር እግዚአብሔር ብቻ ነውና ጻድቅ ነበሩ ለማለት አልደፍርም። ነገር ግን በሳሞአ ባህል ወደ ሥልጣን የሚያደርሰው መንገድ አገልግሎት ነው ይባላል፤ ሕይወታቸውም ይህንኑ ያሳያል።

ቅዱስ ዳዊትንም እናስብ። በሳሙኤል እጅ ለንግሥና ከተቀባ በኋላ ወደ አባቱ በጎች ተመልሷል። ቅባቱ በራሱ ላይ ሳለ በትሩን ይዞ መንጋውን ጠበቀ።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ አግዳሚ ወንበር የሚያነሣ፣ አዳራሹን የሚጠርግ፣ ሕፃናትን ፊደል የሚያስቆጥር ሰው ምርጫ አያስፈልገውም። ስንሾም የምናገለግለው እግዚአብሔርን ከሆነ፣ ስንሻርም እርሱ ያው ነው። ስንሻር ከቀረን ግን ስናገለግል የነበረው ማንን ነው?

እኔ በአራተኛው እሑድ ተመልሼ መጥረጊያውን አነሣሁ። እናንተም ብትወርዱ አትቅሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።