የታጠነ ጎርፋ

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎ፣ በሜጋና በሞያሌ፣ በዙሪያቸው ባሉት የአርብቶ አደር መንደሮችም ጭምር፣ ቤት በሴት ይቆማል ሲባል ነገሩ እንደ ቃሉ ነው፤ በቦረና ባህል እንጨቱን ተክላ፣ ሣሩን ደርባ ጎጆውን የምትሠራው ሴቲቱ ራሷ ናት፤ በኦሮምኛም ሚስት «ሃዳ መና» ትባላለች፣ ትርጉሙም የቤት እናት ማለት ነው። ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ለንግድ፣ ለውትድርና ወይም ለመንግሥት ሥራ መጥተው በእነዚህ ከተሞች የከተሙ ቤተሰቦች ደግሞ «ባለሙያ» የሚለውን ቃል ይዘው መጥተዋል፤ ባለሙያ የምትባለው ስፌቷ፣ ጥልፏ፣ የቡናዋ አቆላልና የእንግዳ አቀባበሏ ሳይቀር የራሷ መለያ ያለው ሴት ናት። እንዲህ ያለች ሚስትና እናት ሳትታመም፣ ሳትሰናበትም በድንገት ስትለይ፣ ልጆቿ በምን መንገድ ሊያስታውሷት እንደሚገባ ማመልከት የዚህ ምክር ዓላማ ነው።

ለጉዳዩ ከሁሉ የሚቀርበው አብነት ጎርፋ ነው። ጎርፋ የወተት ዕቃ ሲሆን፣ የቦረና ሴቶች ኤርገምሳ ከሚባለው ተክል ሥር የሚያወጡትን ቃጫ ወተት እስከማያሳልፍ ድረስ አጥብቀው እየሰፉ ይሠሩታል። ዕቃው ተሰፍቶ ሲያልቅ ግን ሥራው አላለቀም፤ ወተት ከመቀዳቱ በፊት እንደ ወይራ ያለ መዓዛማ እንጨት ፍም ይገባበትና ይታጠናል፤ ጢሱ ወተቱን ቶሎ ከመበላሸት ይጠብቀዋል፣ ጣዕምም ይሰጠዋል። የትኛው እንጨት፣ ስንት ፍም፣ ምን ያህል ጊዜ የሚለውን የሚወስነው የሴቲቱ እጅ ስለሆነ፣ ልጅ የእናቱን ቤት ወተት ከጎረቤት ወተት በመዓዛው ይለያል። ፎቶግራፉ፣ ልብሱና ጌጡ በቤት ይቀራሉ፤ ማንም ያልጻፈው ይህ ዕውቀት ግን ከባለቤቷ ጋር ይቀበራል።

የመርዶው፣ የቀብሩና የድንኳኑ ቀናት በሰው የተሞሉ ናቸው። እድር፣ ማለትም አባላቱ በየወሩ እያዋጡ በሞት ጊዜ የሚረዳዱበት ማኅበር፣ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወንበሩንና ድስቱን ያቀርባል፤ ኦርቶዶክሱ ሠልስቱን፣ አርባውን፣ ሰማንያውንና ሙት ዓመቱን ይቆጥራል፤ ሙስሊሙም ለሟች ዱዓ ያደርጋል፣ ሰደቃ ያወጣል። የአርብቶ አደሩ ቆላ ግን ከዚህ ሌላ የራሱ የሐዘን መቁጠሪያ አለው ቢባል ስሕተት አይሆንም። በዚህ አገር ወተት የሚበዛው ዝናብ ሲዘንብ ነውና፤ ይኸውም ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘልቀው ዋናው ዝናብ በገንና፣ እንዲሁም ከመስከረም እስከ ኅዳር በሚመጣው አጭሩ ዝናብ በሀገያ። እናት የሞተችው በድርቁ ወራት ከሆነ፣ ጎርፋዎቹ ቀድሞም ባዶ ስለነበሩ ጉድለቷ ገና በሙሉ አልታየም፤ ላሞቹ ወልደው ወተቱ ሲመለስ፣ ለቀስተኛው ከተበተነ ከወራት በኋላ፣ ዕቃውን የሚያጥን እጅ ይታጣል። ወጣቶች ይህ ሁለተኛ ለቅሶ ሲመጣባቸው እንደ ድክመት ሊቆጥሩት አይገባም፤ አባታቸውም ያን ሰሞን ዝም ቢል፣ ምክንያቱን ሌላ ቦታ አይፈልጉ።

ድንገተኛ ሞት ከዚህም ሌላ ሸክም ያመጣል። ስንብት ያልነበረው ልጅ የመጨረሻውን ቀን ደጋግሞ ይመረምራል፤ ስትጠራው ቶሎ አለመምጣቱን፣ የመለሰላትን ሻካራ ቃል፣ ያልደወለውን ስልክ ያነሣል። አንዲት እናት ልጇን ያወቀችው ግን በዓመታት ነው፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ አትመዝነውም። በሌላው ወገን፣ ሐዘንተኛ ሟቿን እንከን የሌላት አድርጎ ሲሥላት፣ ሳያስበው ያጠፋታል። ያልወደደችውን ስፌት ሦስቴ የፈታችው፣ ሥራዋ ላይ ሲደርሱባት የተቆጣችው፣ ያማረውን ዕቃ ከእንግዳ ደብቃ የያዘችው እርሷው ነበረች፤ የፈጠራ ሰው ጠባይዋም በዚያ ውስጥ አለ።

ቦረናዎች እያንዳንዱን ስምንት ዓመት በአባ ገዳው ስም እየጠሩ ዘመናትን በቃል ይዘው ኖረዋል፤ የገዳ ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የወንዶቹ ስም ዘመን ሆኖ ሲቆጠር፣ የብዙ ሴቶች ስም ያለው በሠሩት ዕቃ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጆች፣ ወንዶቹም ሳይቀሩ፣ ዓመቱ ሳያልፍ ወደ እናታቸው እኅቶችና ጎረቤቶች ሄደው በዝርዝር ይጠይቁ፤ ከየትኛው ዛፍ ትቆርጥ እንደነበር፣ ስፌቱን ከማን እንደተማረች፣ የትኛውን የስፌት ጌጥ ራሷ እንዳመጣችው። መልሱን በስልካቸው ይቅዱት። ዕቃዎቿን ሁሉ ሰብስቦ መቆለፍ ግን አይበጅም፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጎርፋ ይደርቃል፣ ሽታውም ይጠፋል፤ አንዱ ለመታሰቢያ ቢቀመጥ፣ የቀሩት ወተት ይያዝባቸው። ከጊዜ በኋላ ሌላ ሴት ወደ ቤቱ ገብታ በሌላ እንጨት ብታጥን፣ ልጆች ያንን እንደ ክህደት ቆጥረው ሊያስጨንቋት አይገባም፤ እርሷም የራሷን እናት እጅ ይዛ መጥታለች።

ሟችን በሙያዋ ለማስታወስ በአገሪቱ ታሪክ የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ የልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ መታሰቢያ ይጠቀሳል። በለንደን ነርስነት ተምራ የተመረቀችው ልዕልት በ1934 ዓ.ም. ባገባች በጥቂት ወራት ውስጥ በነቀምቴ ስታርፍ ገና 23 ዓመት አልሞላትም ነበር፤ በስሟ የቆመላት ሆስፒታል ነው፤ ለሆስፒታሉም የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት በእንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስባለች። ሐዘኑ የሟቿን ሙያ ተከትሎ ሄደ ማለት ነው።

ብዙ ጊዜ በድንገት በሞተች ሴት ቤት ጥግ ያላለቀ ሥራ ይገኛል፤ ግማሽ የደረሰ ሌማት፣ አንገቱ ያልተሰፋ ጎርፋ፣ መርፌው የተሰካበት ጥልፍ። አንዳንዱ ቤተሰብ ማየቱ ስለሚከብደው ይሰጠዋል ወይም ይጥለዋል። የሚሻለው ለጊዜው ከነመርፌው በጨርቅ ጠቅልሎ ማቆየት ነው፤ ከልጆቹ አንዱ እጁ ሲፈታ ከአክስት ወይም ከጎረቤት ጋር ተቀምጦ ይጨርሰው፤ የእናቱ ስፌት ያበቃበትና የእርሱ የጀመረበት መስመር በግልጽ ቢታይም፣ ያንን ለመሸፈን አይድከም።