የምድር ጾም

ምእመናን ሆይ፤ ልዑል እግዚአብሔር በሙሴ እጅ ለእስራኤል ሕግን ሲሰጥ ለሰውና ለእንስሳ ብቻ ሳይሆን ለምድርም ዕረፍትን አዟል። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው፥ ስድስት ዓመት የተዘራ እርሻ በሰባተኛው ዓመት ያርፍ ነበር። ይህም ምድር የፈጣሪዋ ገንዘብ መሆኗን ለማስታወስ ነው።

በአገራችንም ሳይታረስ የሚከርም ማሳ ጾም አደረ ይባላል። ብዙዎች ቃሉን እንደ ጉዳት ይናገሩታል፤ ነገር ግን ጾም ኃይልን የሚመልስ መሆኑን እኛ ጿሚዎች እናውቃለን።

የመንዝ አባቶች የጓሳን ደጋ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት በኅብረት ይጠብቁ ነበር። ለቤት ክዳን የሚሆነው ሣር እንዲያገግም ምድሩን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከወጣ በኋላ ይህ ሥርዓት ቀረ፤ ሣሩም ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ መክሮ፥ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ እንደ ገና ይጠብቀው ጀመር።

ዛሬ በብዙው ደጋ ቤተሰቡ በዝቷል፤ መሬቱ ግን አልሰፋም። ስለዚህ ማረሻው ወደ ገደሉ ይወጣል፤ የክረምቱም ጎርፍ አፈሩን ጠርጎ ድንጋዩን ያስቀራል። ገብስ ይበቅልበት የነበረው ማሳም በብዙ ስፍራ የባሕር ዛፍ ሆኗል።

እንግዲህ ልጆቹ የተራቡበትን ገበሬ «ተዳፋቱን አትረስ» ብለን ብቻ ብናሰናብተው ፍርዳችን ጎደሎ ነው። የጾም ሥርዓት ይህን ያስተምረናል፤ ጿሚ ከማዕዱ ያስቀረውን ለድኻ ይሰጣልና። ምድርም ስትጾም ባለማሳው ብቻውን ሊራብ አይገባውም። ጎተራው የሞላለት እህል ያበድረው፤ ጎረቤቱ በደቦ እርከን ይሥራለት፤ ሰንበቴውና ማኅበሩ በችግሩ ይድረሱለት። የጓሳ ሰዎች ሣራቸውን የጠበቁት እያንዳንዱ ለብቻው ሳይሆን ሁሉም በአንድነት ስለ ተስማሙ ነው።

ካህናት አባቶች ሆይ፤ ጾምን የምታውጁ እናንተ ናችሁ። የምድርንም ጾም ከምጽዋት ጋራ አስተምሩ፤ ገና ያልተወለዱት ልጆች ከዚያው አፈር ይበላሉና።

ቸሩ አምላካችን ለምድራችን ዕረፍትን፥ ለእኛም ርኅሩኅ ልብን ይስጠን። አሜን።